ፍሬን ሲያዝ የሚንቀጠቀጥ መሪ፦ ዲስኩን ከመክሰስ በፊት

«ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከፊት በኩልም የሆነ ድምፅ አለ።» ጅማ ውስጥ ላዳ፣ ፔጆ 504 ወይም ኮሮላ ዲኤክስ የያዘ ሰው ጋራዥ በር ላይ ይህን ሲናገር የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ዲስኩ ጠሟል፣ ቶርኖ ቤት ይሂድ።» ዲስኩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውና ፍሬኑ የሚይዘው ክብ ብረት፣ ይፈታል፣ በቶርኖ ማሽን ይላጋል፣ ተመልሶ ይታሰራል። መኪናዋ ለሁለት ሦስት ወር ጸጥ ትላለች። ከዚያ ንቅጥቅጡ ከነድምፁ ይመለሳል፤ ባለቤቱም አዲስ ዲስክ ፍለጋ አዲስ አበባ መርካቶ መደወል ይጀምራል።

ዲስኩ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን ተጎጂው እሱ ነው። ጥፋቱ ያለው ከጀርባው ነው፦ ሞዞው (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት መሃለኛ ብረት) ፊት ላይ፣ ሞዞውን በሚያዞረው ኩሽኔታ ላይ፣ ወይም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን ክንድ በሚይዘው ጎሚኒ ላይ። ያንን ሳይነኩ ዲስክ ማስላግ ብረት መጨረስ ነው፤ የአሮጌ መኪና ዲስክ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

ዲስክ እንዴት እንደሚበላሽ ልንገራችሁ፤ ይህ ከገባችሁ የቀረው ፍተሻ ራሱ ይመራችኋል።

እንደ ሰሃን የተጣመመ ዲስክ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ ዲስኩና ሞዞው በሚገጥሙበት ፊት መሃል የዝገት ወይም የደረቀ ጭቃ ቅንጣት ይቀራል። ቅንጣቷ 0.05 ሚሊ ሜትር ትሁን፣ የፀጉር ያህል። ሞዞው ከዳር እስከ ዳር 14 ሴንቲ ሜትር፣ ፓዱ (ፍሬን ሲረገጥ ዲስኩን የሚጨምቀው ባለ ሸራ ብረት) የሚይዘው ክብ ደግሞ 23 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ያቺ 0.05 ፓዱ ጋ ስትደርስ 0.08 ሆናለች። ዲስኩ እየተወላገደ ይዞራል ማለት ነው። እግራችሁ ፍሬኑ ላይ ባይኖርም በየዙሩ ያው አንድ ቦታ ፓዱን ላስ አድርጎ ያልፋል። የ13 ኢንች ጎማ ዙሪያው 1.8 ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ኪሎ ሜትር 555 ጊዜ ያህል ይዞራል። 3,000 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ያ ቦታ ከ1.6 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታሽቷል። በመጨረሻ እዚያ ላይ ዲስኩ ይሳሳል። ፍሬን ስትይዙ ፓዶቹ ወፍራሙ ጋ ሲደርሱ ወደ ኋላ ይገፋሉ፣ ስሱ ጋ ሲደርሱ ይገባሉ፤ የፍሬኑ ጉልበት በየዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ፔዳሉ እግራችሁን ይመታል፣ መሪው እጃችሁ ላይ ይርገፈገፋል። ለዚህ ሁሉ 0.02 ሚሊ ሜትር የውፍረት ልዩነት ይበቃል። በዓይን አይታይም፣ በጣት አይዳሰስም። ቶርኖ ቤት ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ ቅንጣቷ ሞዞው ላይ ካለች ግን ሥራዋን ከዜሮ ትጀምራለች። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ያለውን የጊቤን ቁልቁለት ፍሬን ላይ ተኝቶ የወረደ ሰው ታች ሲቆም እግሩን ፔዳሉ ላይ አጥብቆ ካቆየው፣ የጋለው ፓድ በቆመበት ቦታ ዲስኩ ላይ ማኅተሙን ይተዋል። ያ ቦታ ከሌላው በተለየ አጥብቆ ይይዛል፤ ሲያድር ሌላውን ያህል አይበላምና ጉብታ ይሆናል። ከመንገድ በቀጥታ ላቫጆ ገብቶ በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማስለቀቅም የዚሁ ዘመድ ነው። ጎማውን ለማጠብ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ሦስተኛው የጅማ እርጥበት ነው። በክረምት መኪና አንድ ሌሊት ውጭ ካደረች ዲስኩ ላይ ቀጭን ቀይ ዝገት ማየት የተለመደ ነው፤ በሦስት አራት ፍሬን ይጠረጋል። ሳምንታት ከቆመች ግን ፓዱ ባረፈበት ቦታና በቀሪው መካከል ዝገቱ እኩል አይሆንም፤ የፓዱ ቅርጽ እንደ ጥላ ዲስኩ ላይ ይቀራል። በየዙሩ አንዴ «ሽ… ሽ…» የሚል ድምፅ ከቀላል ንቅጥቅጥ ጋር ከሰማችሁና መኪናዋ ቆማ ከሆነ የተነሣችው፣ ምንም ሳትፈቱ መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር በደንብ ንዷት።

ክሪክ ከማንሣታችሁ በፊት ደግሞ የጎማውን ቸርኬ በውስጥ በኩል እዩ። የጅማ ዙሪያ ቀይ ጭቃ ቸርኬው ውስጥ ተለጥፎ ሲደርቅ እንደ ጡብ ነው፤ አንድ ጎን ላይ ብቻ ሲቀመጥ ባላንሱን ያጠፋዋል። ከሰቃ ወይም ከአጋሮ ገጠር መንገድ የመጣች መኪና ስትንቀጠቀጥ ይህን አለማየት ቀን ማባከን ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የጭቃና የባላንስ ንቅጥቅጥ ፍሬን ባይያዝም አለ። የፍሬን ጥፋት ፍሬን ሲያዝ ይመጣል፣ ሲለቀቅ ይጠፋል።

መንገድ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

ከከተማ ወጣ ብሎ ቀጥ ያለ፣ ሰውና ባጃጅ የሌለበት ቦታ ይመረጥ። መስኮቱ ይከፈት፣ ሬዲዮው ይጠፋ። ወደ 80 ይደረስና ፍሬኑ በልኩ፣ ሳይደነግጥ፣ እስከ 30 ይያዝ። የሚታዩት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

መሪው ተንቀጥቅጦ ፔዳሉም የሚመታ ከሆነ የፊት ዲስክ ውፍረት ልዩነት ወይም የታምቡር (በዲስክ ፈንታ ሸራው ከውስጥ የሚይዘው የፍሬን ከበሮ) ሞላላነት ነው። መሪው ተንቀጥቅጦ ፔዳሉ ጸጥ ካለ ግን የላላ ነገር ፈልጉ፦ ኩሽኔታ፣ ቴስቲኒ (የመሪ ዘንግ ጫፍ)፣ የክንድ ጎሚኒ። ሕዝቡ ይህን ልዩነት አያስተውለውም፤ እኔ ግን ግማሹ ምርመራ እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ አምናለሁ። ወንበሩና ወለሉ ተንቀጥቅጦ መሪው ጸጥ ካለ ወደ ኋላ ጎማ ሂዱ። ይህን ለማረጋገጥ በ40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ባዶ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን በአውራ ጣት እንደተጫናችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። በላዳም፣ በዲኤክስም፣ በቮልስም የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማን ነው። ንቅጥቅጡ ከመጣ የኋላ ታምቡር ነው። በእርጥብ መንገድ ወይም በኩርባ ላይ ይህን አትሞክሩ።

ፍጥነቱን መዝግቡ። በ80 ኪሎ ሜትር የ13 ኢንች ጎማ በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የአሮጌ መኪና የፊት አካል የራሱ የመወዛወዝ ልክ አለው፤ የጎማው ዙር ከዚያ ልክ ጋር ሲገጥም ትንሹ ጥፋት ትልቅ ይመስላል። ስለዚህ ከ90 እስከ 70 አንዘፍዝፎ ከ50 በታች የሚጠፋ ንቅጥቅጥ የተለመደ ነው። በዝግታ ሲነዳ ስለጠፋ «ተሻለው» አትበሉ።

አንድ ሌላ ምልክት አለ፤ ጅማ ውስጥ በየቀኑ ሊታይ የሚችል። ኮብልስቶን ላይ ነድታችሁ አስፋልት እንደ ወጣችሁ የመጀመሪያው ፍሬን ወደ ታች ርቆ ከወረደ፣ ሁለተኛው ግን ከላይ ጠንክሮ ከያዘ፣ ዲስኩ ሲወዛወዝ ፓዶቹን ወደ ኋላ ገፍቷቸዋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን የፍሬን ዘይቱ ውስጥ የገባ አየር ነው ብሎ ፍሬኑን ያስነፍሳል። አየር ቢሆን ኖሮ ኮብልስቶን አያስፈልገውም ነበር። ኩሽኔታውን ነው የምታዩት።

ከተመለሳችሁ በኋላ እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። የግራና የቀኝ የፊት ጎማ ሙቀት ሊቀራረብ ይገባል። አንዱ ተለይቶ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም። ጎማው ተነሥቶ እንደያዘ ካገኛችሁት የአየር ማስወጫውን ብሎን ጥቂት ፍቱ፦ ዘይቱ ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊቱ ታስሮ ነበር፤ አንድ ጎማ ብቻ ከሆነ የፍሬን ጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘግቷል፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከሆኑ ደግሞ ዋናው ፖምፓ ዘይቱን አልመልስ ብሏል። ብሎኑ ተፈትቶም ጎማው ካልተለቀቀ ፒስተኑ ዝጎ ተጣብቋል።

ከፍ አድርጎ መፈተሽ

የኋላ ጎማዎች ይታገዱ፣ የፊቱ በክሪክ ይነሣና ጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ። ክሪክ ብቻ ላይ ያለች መኪና ሥር እጅ አይገባም።

ጎማውን በላይና በታች ያዙና ወዝውዙት። ከተወዛወዘ ሁለት ተጠርጣሪ አለ፦ ኩሽኔታው ወይም ክንዱን ከጎማ ተሸካሚው ጋር የሚያገናኘው ቦል ጆይንት፣ በድሮ ቮልስ ከሆነ በእሱ ፈንታ ያሉት ኪንግ ፒኑና ሊንክ ፒኑ። ለመለየት አንድ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ይያዝ፣ እናንተ እንደገና ወዝውዙ። ፍሬኑ ዲስኩን ከጎማ ተሸካሚው ጋር አንድ ያደርገዋልና ውዝወዛው ከጠፋ ኩሽኔታው ነበር፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ወይም ፒኑ ነው። ከዚያ ጎማውን በግራና በቀኝ ያዙና ወዝውዙ፤ እዚህ የሚታየው ቴስቲኒ ነው፤ በላዳ ደግሞ ከመሪ ሳጥኑ ተቃራኒ ያለው ክንድ ውስጥ ያሉት ቦኮላዎች (የዘንግ ቀለበቶች)። እነዚያ ቦኮላዎች በጣም ይረሳሉ።

ቀጥሎ ጎማውን በእጅ አሽከርክራችሁ ሌላውን እጃችሁን ሞላው ላይ አሳርፉ። የተበላ ኩሽኔታ ጉርምርምታው በሞላው በኩል እጅ ላይ ይሰማል፤ ጆሮ ከሚሰማው ይልቅ እጅ ይሻላል።

ኩሽኔታ ማስተካከል

ይህን በዝርዝር የምጽፈው ብዙ ጥፋት እዚህ ስለሚሠራ ነው። አንዳንዱ ኩሽኔታውን የሚይዘውን ዳዶ እስኪጨነቅ ያጠብቃል፤ ኩሽኔታው ይቃጠላል። አንዳንዱ አላልቶ ይተወዋል፤ ዲስኩ ይወላገዳል።

በላዳ 2101 እና ተከታዮቹ ዳዶው በ20 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል፤ በሚጠብቅበት ጊዜ ሞዞው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሽከረከራል፤ ሮለሮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ነው። ከዚያ ይላላና በ7 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ከዚህ ቦታ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ብቻ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚቀረው ክፍተት ከ0.02 እስከ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ አገልግሎት ላይ ሳለ 0.15 ካለፈ መስተካከል አለበት። ዳዶው በአንገቱ ተቀጥቅጦ የሚቆለፍ ስለሆነ በአዲስ ይለወጥ፤ አሮጌውን ሁለተኛ ቦታ ላይ መቀጥቀጥ አንገቱን ይሰነጥቀዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1966 ሞዴል ወዲህ ባለው ቮልስ ደግሞ የሚፈለገው ክፍተት ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ይህ ዘዴ አያሳፍርም፦ ሞዞው እየዞረ ዳዶው ይጥበቅ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይላላ፤ ከዳዶው ሥር ያለችውን ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ግፏት። በጣት ጉልበት ብቻ፣ ካቻቢቴውን ሳታስደግፉ፣ ከተንሸራተተች ልኩ እሱ ነው። ካቻቢቴውን ማስደገፍ ካስፈለጋችሁ ገና ጠብቋል፤ ራሷ የምትወዛወዝ ከሆነ ላልቷል። የቮልስ የግራ ጎማ ዳዶ በተቃራኒ የሚዞር ጥርስ እንዳለው አትርሱ፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ የሚወጣው በዚያ በኩል ነውና ቆቡን ከማውጣታችሁ በፊት የገመዱን ትንሽ መያዣ ንቀሉ። ሳያውቁ በጉልበት ፉዜሎውን (ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ዘንግ) ያበላሹ ብዙ ናቸው።

ግራሶ በመዳፍ ተጨምቆ በሮለሮቹ መካከል እስኪወጣ ይገባል። ሞዞውንና ቆቡን አፍ እስከ ገደፉ መሙላት ግን ሲሞቅ ግራሶውን በማኅተም ጎሚኒው በኩል ወደ ፍሬኑ ይገፋዋል።

ዲስኩን መለካት

አሁን ነው ወደ ዲስኩ የምንመጣው፤ ኩሽኔታው ሳይስተካከል የተለካ ዲስክ ውሸት ያወራልና።

ጎማው ከወጣ በኋላ ዲስኩ ሞዞው ላይ በደንብ እንዲቀመጥ የጎማ ብሎኖቹ በወፍራም ሮንዴላ ይታሰሩ። ውፍረቱ በማይክሮሜትር ከዳሩ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ በስምንት ቦታ ይለካ፤ በጠመኔ ቁጥር ጻፉበት። በትልቁና በትንሹ መካከል ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ንቅጥቅጡ ተገኘ። ካሊብሮ (ባለ መንጋጋው ተንሸራታች መለኪያ) ለዚህ አይሆንም፤ ዲስኩ በዳሩ ላይ ያልተበላ ከንፈር ስላለው የካሊብሮው መንጋጋ እሱ ላይ ያርፋል። የላዳ ዲስክ አዲሱ 10 ሚሊ ሜትር ነው፣ 9 ሲደርስ አብቅቷል፤ 9.2 የሆነ ዲስክ ቶርኖ ቤት መላክ ገንዘብ መጣል ነው።

ውልግድናው በዳያል ጌጅ ይለካል። ጅማ ውስጥ ከአንዳንድ ቶርኖ ቤቶች በቀር ብዙ ቦታ አታገኙትም፤ ስለዚህ በሽቦ ሥሩት። አንድ ጠንካራ ሽቦ፣ የቆየ የጃንጥላ ዘንግ ቢሆን በጣም ጥሩ፣ ካሊፐሩ (ፓዶቹን የያዘው ቤት) በሚታሰርበት ብረት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ጫፉን ዲስኩን ሊነካ አጠገቡ አድርሱት። ዲስኩን አንድ ዙር በቀስታ አዙሩና ሽቦው በጣም የሚጠጋበትን ቦታ ፈልጉ። እዚያ ላይ ሽቦው ዲስኩን ልክ ነካ እንዲያደርግ አስተካክሉት። አሁን ዲስኩን ግማሽ ዙር አዙራችሁ በተፈጠረው ክፍተት ፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች) አስገቡ። 0.15 የሆነው ቅጠል ካለፈ ከገደብ ወጥቷል። እኔ ግን 0.15ን ለአሮጌ መኪና እንደ ፋብሪካ ይቅርታ ነው የማየው፤ ከ0.08 በታች ማውረድ ከተቻለ ንቅጥቅጡ አይመለስም።

ቁም ነገሩ እዚህ ነው። ከፍ ያለውን ቦታ ዲስኩ ላይም ሞዞው ላይም በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ዲስኩን አውጡ፣ አንድ ብሎን ቀዳዳ አዙራችሁ መልሳችሁ እሰሩ፣ ለኩ። ከፍታው ከዲስኩ ምልክት ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። ከሞዞው ምልክት ጋር ከቀረ ጥፋቱ ሞዞው ላይ ነው፤ ያኔ የዓለምን ዲስክ ብትለውጡ አይሻሻልም። ይህ ሥራ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ የዲስክ ዋጋ ያድናል።

የሞዞው ፊት በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፣ ብረቱ እስኪያበራ ይጸዳ። በተለይ በመሃለኛው ክብ አንገት ሥር ያለው ጥግና በብሎኖቹ ዙሪያ ያለው ቦታ፤ ዝገት የሚደበቀው እዚያ ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹ ከንፈር ወደ ላይ ተስቦ ከሆነ በሞረድ ቀስ ተብሎ ይስተካከል። የዲስኩም የውስጥ ፊት እንዲሁ። ቀለም አይቀባ፤ ቀለም ውፍረት አለው። በአንዳንድ መኪና ዲስኩ ከሞዞው ጀርባ ታስሮ ከሞዞው ጋር አብሮ የሚወጣ ነው፤ ሲጸዳ ለያይቶ ማጽዳት እንጂ ከዳር መፋቅ አይበቃም።

መላግ የግድ ከሆነ ለቶርኖ ባለሙያው ሁለት ነገር ንገሩት፦ ዲስኩ ከሞዞው ጋር ታስሮ በኩሽኔታው መቀመጫ ይሳካ፣ ሁለቱም ፊት እኩል ይላግ። በሌላ ቦታ የተያዘ ዲስክ ማሽኑ ላይ ቀጥ ብሎ መኪናው ላይ ሲታሰር ይወላገዳል።

ታምቡር

የቮልስ የፊት ፍሬን አብዛኛው ታምቡር ነው፤ የላዳና የዲኤክስም የኋላው። ታምቡር ሞላላ ሲሆን ፔዳሉ ልክ እንደ ዲስኩ ይመታል። ውስጡን በአራት አቅጣጫ ለኩ፤ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ይላጋል፣ ታምቡሩ ላይ የተቀረጸውን የመጨረሻ ስፋት ሳያልፍ። ሞላላ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው፦ የጎማ ብሎን ያለ ተራ ማጥበቅ፣ እና ከረጅም ቁልቁለት በኋላ በጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን ጠንክሮ መሳብ። ከጅሬን ኮረብታ ወርዳችሁ ስታቆሙ ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ድንጋይ ብታስደግፉ ይሻላል።

ከመላግ በኋላ የሸራው ክብ ከታምቡሩ ክብ ጋር አይገጥምም፤ መሃሉ ብቻ ይነካና ይጮኻል። ሸራው ላይ ጠመኔ ቀብታችሁ ታምቡሩን አዙሩት፤ የተነካውን ቦታ ታያላችሁ፤ ያንን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሳችሁ አስተካክሉ፣ የሸራውን ሁለት ጫፎችም ሰያፍ አድርጉ። አቧራውን ግን በአፍም በኮምፕሬሰርም አትንፉ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሳንባ የሚያበላሽ ነውና በውኃ አርጥባችሁ በጨርቅ አንሡት፣ ጨርቁንም ጣሉት።

ግራሶ ወይም የፍሬን ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም። ሲሞቅ ከውስጥ መልሶ ያወጣዋል፣ መኪናዋም ወደ አንድ ጎን ትስባለች። መጀመሪያ የሚፈስሰው ይደፈን፣ ከዚያ የሁለቱም ጎን ሸራ አብሮ ይለወጥ።

ድምፆቹ

ቀጭን ጩኸት በዝግታ ሲቆም፦ የፓዱ ጀርባ ካሊፐሩ ላይ ይንቀጠቀጣል። ፓድ በተለወጠ ጊዜ የተጣሉት ቀጫጭን ላሜራዎችና ሞላዎች ናቸው ብዙውን ጊዜ የጎደሉት። ይመለሱ፤ የፓዱ ጀርባ ብቻ ለፍሬን በተሠራ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ይቀባ። ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጣል፣ ቀልጦም ዲስኩ ላይ ይፈስሳል።

ፍጭት፣ ብረት በብረት፦ ፓዱ አልቋል። በላዳ ሸራው 1.5 ሚሊ ሜትር ሲቀር መለወጥ አለበት። ፓዱ ገና ወፍራም ከሆነ በዲስኩና በመከለያው ላሜራ መካከል ጠጠር ገብቷል፤ ከጥርጊያ መንገድ መልስ የተለመደ ነው፤ ወደ ኋላ ጥቂት ሜትር ሲነዳ ብዙ ጊዜ ራሱ ይወድቃል።

አንድ ጊዜ «ቋ» ፍሬን ሲጀመር፣ እንደገና «ቋ» ወደ ኋላ ተሂዶ ሲያዝ፦ የሆነ ነገር ቦታውን እየለቀቀ ነው። መኪናዋ በሜዳ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንድ አንድ ሜትር እየሄደች ትያዝ፤ ሌላ ሰው ከጎን ርቆ፣ ሥር ሳይገባ፣ የፊት ክንዱን ይይ። በኮሮላ ዲኤክስ የታችኛውን ክንድ ወደ ፊት የሚወጥረው ዘንግ ጎሚኒዎች ሲያልቁ ጎማው በሙሉ ፓራፋንጎው ውስጥ ወደ ኋላ ሲሸሽ በዓይን ይታያል። ይህ ጎሚኒ ያለቀባት ዲኤክስ አዲስ ዲስክ ቢገባላትም ትንቀጠቀጣለች። ጎሚኒዎቹ በሁለቱም ጎን አብረው ይለወጡ፤ የዘንጉ ጫፍ ያሉት ዳዶዎች የጎማውን ማዕዘን ስለሚወስኑ ከመፍታታችሁ በፊት ቦታቸውን ምልክት አድርጉ፣ በኋላም አላይመንት ይታይ። ክንዱ ጸጥ ካለ ግን የካሊፐሩን ሁለት ማሰሪያ ብሎኖች በቁልፍ ሞክሩ።

ያለቀ አሞርዛተር ብቻውን የፍሬን ንቅጥቅጥ አይፈጥርም፤ ያለውን ግን ያባዛዋል። የቮልስ የመሪ ዳምፐርም እንዲሁ፤ ነቅላችሁ በእጅ ስትስቡትና ስትገፉት በሙሉ ርዝመቱ እኩል ሊከብድ ይገባል።

መልሶ ማሰርና ማለማመድ

የጎማ ብሎኖች በመስቀል ተራ፣ መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በግማሽ ጉልበት፣ በመጨረሻ በሙሉ ይጥበቁ። ቁልፉ ላይ የውኃ ቧንቧ ቀጥሎ መዝለል ያጸዳችሁትን ሞዞ በአንድ ደቂቃ ያወላግደዋል። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩአቸው።

አዲስ ፓድ ወይም የተላገ ዲስክ መልመድ አለበት። ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በልኩ እየያዛችሁ 10 ወይም 15 ጊዜ ድገሙ፤ በየመካከሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዲስኩ ንፋስ ያግኝ፤ በሙሉ አትቁሙ። ስትጨርሱ ፍሬን ሳትነኩ አምስት ደቂቃ ነድታችሁ አቀዝቅዙት። የመጀመሪያዎቹን 200 ኪሎ ሜትሮች ወደ ጊቤ ባትወርዱ ይመረጣል። ስትወርዱም በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዛት፤ ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ አጭር ያዙና ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። ታች ስትቆሙ እግራችሁን ከፔዳሉ አንሡና መኪናዋን በማርሽና በድንጋይ አቁሟት።